የሴርኒ ቤት ወራሽ

ሬሜይ የሴርኒ ቤት የበኩር ልጅ ነበረች። ወንድም ስላልነበራት ቤቱም፣ የትምባሆው ማሳም፣ ላሞቹም የእሷ እንደሚሆኑ መንደሩ ሁሉ ገና ጡት ሳትጥል ያውቅ ነበር። በአንዶራ ተራሮች ላይ ቤት አይከፈልም። አንዱ ይወርሳል፤ ሌሎቹ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ፈረንሳይ ወይም ወደ ስፔን ይወርዳሉ። ከወራሽ የሚፈለገው አለመሄድ ብቻ ነው።

በሙቀቱ ወራት ትምባሆ ትቆርጣለች፤ ከዚያ ከጣሪያው ሥር ታንጠለጥለዋለች። የቅጠሉ ሙጫ ጣቶቿን ያጠቁራቸዋል፤ ሳሙና አያስለቅቀውም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጓደኞቿ፣ «እመቤት ሬሜይ፣ ጓንትሽን ማን ሰረቀብሽ?» እያሉ ይስቁባታል።

የወደደችው የጎረቤቱን ሁለተኛ ልጅ ጌራውን ነበር። ጌራው ትምባሆ ተሸክሞ በተራራው በኩል ወደ ፈረንሳይ ሹልክ ይል ስለነበር ባሕር አይቷል።

«ማዶ የለውም እኮ!» አላት አንድ ቀን።

«ሂድ ወዲያ! ማዶ የሌለው ነገር አለ እንዴ?»

እሷ ቤት ገብቶ አብሯት እንዲኖር ለመነችው። «የአባትሽ ሎሌ ልባል? እኔ እሄዳለሁ፤ ከፈለግሽ ነይ» አላት።

ማታ ሾርባ እየጠጡ ለአባቷ ለሰባስትያ ነገረችው። «አባዬ፣ ቤቱን ለዶልሳ ስጣት። እኔ ልሂድ።»

ታናሽ እህቷ ዶልሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔ እቀመጣለሁ አባዬ። ደስ ይለኛል።»

«አንቺ ሁለተኛ ነሽ» አላት።

«ልጅህ አይደለችም?» አለች ሬሜይ።

«ልጄማ ናት። ወራሼ ግን አንቺ ነሽ። ከሄድሽ በሩን ቆልፌ እዚሁ እሞታለሁ።»

አልተቆጣም። ነገ በረዶ ይጥላል እንደሚል ሰው ነበር የተናገረው። ሬሜይን ያሰራት ይኸው ነው፤ ቢጮህባት ኖሮ ትሄድ ነበር።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት ጌራው ሄደ። ዶልሳ ጓዟን ጠቅልላ ተከተለችው። በሩ ላይ ቆማ፣ «እኔ እዚህ ምን አለኝ እህቴ? አንቺ ቤት አለሽ» አለቻት። ሬሜይ አልመረቀችም፣ አልረገመችም፤ ላሞቹን ልታልብ ገባች።

ቦኒፋሲ የሚባል ዝምተኛ ሰው አግብታ አስገባች። መንደሩ የእሱን የአባት ስም ረስቶ «የሴርኒው» ይለው ጀመር። መጀመሪያ ኔውስ የምትባል ሴት፣ ከዚያ ሁለት ወንዶች ወለዱ። ሸለቆው በሆቴልና በሱቅ ተሞላ። ሰባስትያ ግን እስኪያረጅ፣ እስኪጃጅ ኖረ።

እሱን ቀብራ ሬሜይ አውቶቡስ ተሳፈረች። ዶልሳ የምትኖረው ፈረንሳይ ውስጥ፣ በባሕሩ ዳርቻ ነው፤ ባሏ ጌራው ሞቷል። እህትማማቾቹ አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

«ታድለሽ! ይህን እያየሽ ኖርሽ» አለች ሬሜይ።

«ታድለሽ? ለሰው ተቀጥሬ ዓሣ ሳጸዳ ነው የኖርኩት። የገና በዓል በመጣ ቁጥር ሳለቅስ፣ ጌራው 'ከናፈቀሽ ሂጂ' ይለኝ ነበር። ወዴት? በሩን ዘግታችሁብኛል።»

«እኔ አልዘጋሁም።»

«ነይ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሬሜይ ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች። ውሃው መጨረሻ አልነበረውም፤ ዓይኗ የሚያርፍበት ተራራ ፈልጎ አጣ። ያንን ተራራ መናፈቋ በራሷ እንድትናደድ አደረጋት። ልትቆይ ካሰበችው ቀድማ ተመለሰች።

እንደገባች ልጆቿን ሰበሰበች። «ቤቱም ማሳውም ይሸጣል፤ እኩል ትካፈላላችሁ። ከእንግዲህ እዚህ ማንም አይታሰርም» አለች። ምስጋና ነበር የጠበቀችው። ወንዶቹ ደስ አላቸው፤ ኔውስ ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማን ለመነሽ እማ? ለዚህ ቤት ብዬ እኮ ነው የወደድኩትን ጆርጅን 'ብቻህን ወደ ሊዝበን ሂድ' ያልኩት! ዕድሜዬን ከጨረስኩ በኋላ ነፃ ነሽ ትይኛለሽ?»

«ሂጂ ብዬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«መቼ? አንድ ቀን እንኳ ከአፍሽ አልወጣም!»

እውነቷን ነበር። ሬሜይ ቃሉን በልቧ ስትደጋግመው ስለኖረች የተናገረችው መስሏት ነበር።

ገዢው ሲመጣ ኔውስ በሩ ላይ ተቀበለችው። «አይሸጥም። ወንድሞቼን እኔው አስማማለሁ» ብላ መለሰችው። ሬሜይ ወጥ ቤት ድንች እየላጠች ሰማች። ወጥታ ልትናገር ተነሳች፤ እስከ በሩ ደርሳ ተመለሰችና ድንቹን መላጥ ቀጠለች።