በሐጃ በር ላይ የሳልኩት ምልክት

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ክረምት፣ መተማ ኮሌራ የገባ ጊዜ ነው። ለባለቤቴ እንኳ እስካሁን በቅጡ አልነገርኩትም፤ አፍሬበት ነው። ዝም ማለቱ ከማፈሩ ሲከብደኝ ጊዜ ልጻፈው አልኩ።

ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ያረገዝኩት በስምንት ወሩ ሞቶ ነው የተወለደው። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ነውና አልተለቀሰለትም። «እግዜር ሌላ ይስጥሽ» አሉኝ፤ አለቀ። ሳምንት ሳይሞላኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ስለዚህ ሁለተኛውን ሳረግዝ ደስታ የሚባል ነገር አላየሁም። ይሄም ያመልጠኛል የሚል ፍርሃት ብቻ ነበር የያዘኝ።

ባለቤቴ አብደራፊ በሚባል የእርሻ አገር ትራክተር ነጂ ነው። ክረምት ሲገባ ለእርሻ ሄደ፤ ስልኩም አልሠራ አለ። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ መተማ ዘመድ የለኝም። የምኖረው ሐጃ ዘይነባ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ሐጃ ስልሳውን ያለፉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እኔን «ቢንቲ» ነው የሚሉኝ፤ በአረብኛ ልጄ ማለት ነው። አጠራራቸውን እወደው ነበር፤ በሽታው እስኪመጣ ድረስ።

በሬዲዮ አተት አሉት፤ እኛ ኮሌራ አልነው። ከከተማው ዳር ነጭ ድንኳን ተተከለ። ቦኖ ላይ ውሃ ስንጠብቅ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። አንዷ «እዚያ የገባ አይወጣም» ትላለች፤ ሌላዋ «ነፍሰ ጡር ከሆነችማ ጽንሱን ያስወርዷታል» ትላለች። እኔ ደግሞ ድሮም ተጠራጣሪ ነኝ። እናቴ «አንቺ እኮ ሰላምታም ትመረምሪያለሽ» ትለኝ ነበር። በዚያ ላይ እንቅልፍ አጣሁ። ሆዴን ይዤ፣ ተራገጠ አልተራገጠም እያልኩ ነበር የሚነጋልኝ።

አንድ ቀን አንዲት የጤና ሠራተኛ ደብተር ይዛ መጣች። የስንት ወር ነፍሰ ጡር እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። «ደህና ነሽ?» አለች። «ደህና ነኝ» አልኳት። እሷ ግን ብዙ ጻፈች። ደህና ነኝ ላለ ሰው ይህን ያህል ምን ይጻፋል? ነገሩ አልጣመኝም። ውሃ ውስጥ የሚጨመር ክኒን ሰጠችኝና ስትወጣ በሬ ላይ በጠመኔ አንድ ነገር ሳለች።

ወጥቼ አየሁት። ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ መስመር አለው። የጎረቤቶቼን በር ዞሬ ተመለከትኩ። ሁሉም ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ክብ ያለው እኔ በር ላይ ብቻ ነው። በቃ፣ ለድንኳኑ መርጠውኛል አልኩ።

ክኒኑን ሽንት ቤት ጣልኩት። ቦኖው ውሃም መድኃኒት መድኃኒት ስለሚሸት ተውኩትና ከወንዝ መቅዳት ጀመርኩ። ሐጃንም መጠርጠር ያዝኩ። ደጃቸው ላይ ካለችው የገመድ አልጋ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ወደ እኔ በር ያያሉ። ይነግሩብኛል ብዬ ቆረጥኩ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሐጃ ለሶላት ወደ ቤት ሲገቡ ጠብቄ፣ በሬን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ልጅቷ የጣለችው የጠመኔ ስባሪ ደጄ ላይ ወድቆ ነበር። አነሳሁትና ያንኑ ክብ፣ ያንኑ መስመር በሐጃ በር ላይ ሳልኩት። እኔን ከሚወስዱኝ እሳቸውን ይውሰዱ አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ምን ይደረጋል።

ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ጤና ሠራተኛ መጣና የሐጃን በር አንኳኳ። እኔ ከውስጥ ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ።

«እናቴ፣ ነፍሰ ጡር ያለችው እዚህ ነው?»

«ወላሂ፣ እኔ ካረገዝኩማ መተማ ተአምር ወጣባት!» ብለው ሳቁ። «ነፍሰ ጡሯ ያቺኛው በር ናት።»

ምልክቱ የነፍሰ ጡር ነው ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እፎይ ይል ነበር። እኔ ባሰብኝ። ነፍሰ ጡር ለምን ይለያሉ? ደግሞስ ሐጃ ጠቆሙኝ አይደል? ጤና ሠራተኛው ቢያንኳኳ አልከፍትም አልኩ። «ደህና ነኝ!» ብዬ ከውስጥ ጮህኩበት፤ ሄደ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ! በሳምንቱ ጠዋት ተቅማጡ ጀመረኝ። ትውከቱ ተከተለ። ረፋዱ ላይ እግሬን ቁርጥማት ይዞኝ መቆም አቃተኝ። ሰው አልጠራሁም። ከጠራሁ ይወስዱኛል፣ ከወሰዱኝ ልጄን ያጠፉብኛል እያልኩ ወለል ላይ ተኛሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅም መንቀሳቀሱን ተወ።

በሩ ተንኳኳ። ሐጃ ናቸው።

«ቢንቲ፣ ዛሬ ደጅ አልወጣሽም። ክፈቺ።»

«ሂዱልኝ፣ ደህና ነኝ!»

አፋቸውን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግተው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቢንቲ፣ ያን ቀን በሬ ላይ ስትስዪ በመስኮት አይቼሻለሁ» አሉኝ። «ለማንም አልተናገርኩም። ይቺ ልጅ አንድ ነገር አስፈርቷታል ብዬ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ካንቺ አላነሳሁም። አልተቀየምኩሽም። ክፈቺልኝ።»

ለካስ እውነትም ይከታተሉኝ ነበር። መጠርጠሬ ልክ ነበር፤ ምክንያቱን ነው የሳትኩት። ያን የመሰለ ክፋቴን አውቀው ዝም ያሉልኝን ሰው መፍራት አቃተኝ። እየተሳብኩ ሄጄ መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

በባጃጅ ድንኳኑ አደረሱኝ። ግሉኮስ ሲሰካልኝ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እያልኩ ነርሷን አሰለቸኋት። የሚጠጣውን ሲሰጡኝም አልጠጣም አልኩ። ሐጃ ኩባያውን ተቀብለው ቀድመው ጎንጨት አሉና «ይኸው፣ ቀመስኩልሽ» አሉኝ። ነርሷ «ኧረ ሐጃ፣ እዚህ አይቀመስም!» ብላ ተቆጣች። እኔ ግን ጠጣሁ።

አመሻሽ ላይ ልጁ አንዴ ረገጠኝ። ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ አንዲት አዋላጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ደህና ነሽ ወይ አላለችኝም። «ሌሊት ትተኛለሽ?» ነው ያለችኝ። ሁለት ወር አልተኛሁም አልኳት። ስለ መጀመሪያው ልጄም ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ወንድ እንደነበር፣ ፀጉሩ ብዙ እንደነበር ነገርኳት። ይህ ፍርሃት በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ሕመም እንደሆነና እንደሚታከም የሰማሁት ከእሷ ነው። እስከ መውለጃዬ በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ አዋራት ነበር።

ሴት ልጅ በሰላም ተገላገልኩ። ሐጃን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «በስልሳ ዓመቴ ያስረገዝሽኝ አንቺ ነሽ!» ብለው ሳቁብኝ። እሳቸው ይሳቁ እንጂ እኔ ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። በበሽታው ሰው ላይ ልጠቁም ነበር እኮ። ሕመም ነው ቢሉኝም እጁ የእኔ ነው።

ዘንድሮ እንደገና አርግዣለሁ፤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ፍርሃቱ ተመልሶ መጥቷል፤ ምን ልዋሽ። ሰው ሲያየኝ ለምን አየኝ እላለሁ፣ ሌሊቱም አልገፋ ብሎኛል። በቀደም ጠዋት ግን ማንም ሳይጠራኝ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አዋላጇ ገና ቀና ብላ ሳታየኝ፣ ከበሩ ላይ ሆኜ «ፍርሃቱ ጀመረኝ» አልኳት።