አባባ ሊመርቁኝ እንቢ ያሉበት መንገድ

አባባ ዛሬ ሊመርቁኝ እንቢ አሉ። ምክንያታቸው መኪና ውስጥ ልታድሪ ነው የሚል ነው።

ኖርዌይ ያለችው ልጄ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ተከራይታ እስከ ሰሜን ጫፍ ልታዞረኝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በስልክ መንገድ ስንመርጥ ቆይተናል፤ ለመቱ ከተማ ሰው ሁሉም አውርቻለሁ። (የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው፤ በጋ ቢሉትም ካፖርት አትርሺ ተብያለሁ።)

አባባ በጃንሆይ ጊዜ ከጎሬ ቡና የሚጭኑ ሾፌር ነበሩ።

«ከጎሬ እንደወጣሁ፣ እዚሁ እኛ አገር ቡሬ አጠገብ ጭቃ ያዘኝ» አሉ። «ጋቢና ውስጥ ልተኛ ስል አንድ ገበሬ መጣና ተቆጣኝ። ‹ቤት እያለን ብረት ውስጥ የምታድረው ምን በድለንህ ነው?› ብሎ ቤቱ አሳደረኝ።»

«አባባ፣ እዚያ እኮ ወጉ ነው፤ ለሽርሽር የወጣ ሁሉ መኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው» አልኳቸው።

«ታዲያ ልጅቷ ይህን ሁሉ ዓመት ስትኖር፣ ቤቴ እደሪ የሚላት አንድ ሰው አላገኘችም?» አሉኝ።

ስንት ነገር ስጠይቃት ይህን ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ልደውልላት ስልኩን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ቁጥሯን አወጣለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ።

ልጅ ውጭ ያላችሁ፣ እናንተስ ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ? ምን አሏችሁ?