ማን አየ?

አሳታሚው ከአዲስ አበባ የደወለልኝ ሰመራ አስተምሬ በባጃጅ ወደ ሎጊያ ስመለስ ነው። ንፋሱ እየጮኸ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁት። "ልብ ወለድህ ጥሩ ነው፤ መጨረሻው ግን ተንጠልጥሏል። ልጁን ባሕር ላይ ግደለውና ላክልኝ፣ አሳትመዋለሁ" አለኝ። ጨው ጣል አድርግበት የሚል ነበር የሚመስለው። ተናደድኩ። ደስም አለኝ፤ አሳትመዋለሁ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነዋ!

ችግሩ ልጁ የእውነት ልጅ ነው፤ የቤት አከራዬ ልጅ። በከባድ መኪና ተሳፍሮ በገላፊ ኬላ ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ ጀልባ ሊሳፈር ነው ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ስለ እሱ እንድጽፍ እናቱ ፈቅዳልኛለች። እኔም ጽሑፉን የጨረስኩት እሷ ደጅ ደጁን እያየች ነበር።

የአሳታሚውን ነገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ግቢ ስገባ ግን ፍየሎቿን እያጠጣች "ምን ወሬ አለ?" አለችኝ፤ አምልጦኝ ልጁን ግደለው መባሌን ነገርኳት። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ ተቀምጦ ወሬ ይለዋወጣል፣ ተቀባዩም ማን አየ፣ የት አየ እያለ ያጣራል። ያላየውን አየሁ ያለን ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም። የእኔ ሥራ ደግሞ ያላየሁትን አየሁ ማለት ነው።

"ሬሳውን ማን አየ?" አለችኝ።

"ማንም አላየም እናቴ። ልብ ወለድ እኮ ነው…"

"ካላየህ አትግደልብኝ፣ መምህር።"

ለአሳታሚው ደውዬ አልገድለውም አልኩት። "እንደፈቀድክ" ብሎ ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ጽሑፉ ላፕቶፔ ውስጥ ቀረ። አልዋሽም፣ አንዳንድ ቀን እሷን ሳይ ይቆጨኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከጅቡቲ የተመለሰ ዘመዷ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ግቢያችን ገባ። ተቀምጠው ዳጉ ጀመሩ። አፋርኛዬ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ጥያቄዎቿን ግን አውቃቸዋለሁ። ማን አየ? ሾፌሩ የራሱን ደረት ነካ። የት? ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ጠቆመ። ከዚያ ግንባሩ ላይ በጣቱ አጭር መስመር አሰመረ። የልጁን ጠባሳ እኔም አውቀዋለሁ። እሷ "ኢና ሊላሂ" አለችና ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ በሬን አንኳኳች። ወንበር አቀረብኩላት። አልተቀመጠችም፤ ጠረጴዛው ላይ የተዘጋውን ላፕቶፕ እያየች ቆመች።

"አሁን ያየ ሰው አለ" አለችኝ። "ጻፈው።"