ከእሑድ ጀምሮ መብራት ይረክሳል

ካላክላ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ ዐረብኛ የቸገረው ሐበሻ ሁሉ የሚሮጠው ክንፉ ቤት ነበር። ካላክላን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ፤ ካርቱም ውስጥ እግሬ ያልረገጠው መንገድ የለም። የሀፍላ ሾፌሮች፣ የሚኒባሶቹ ማለቴ ነው፣ መንገድ ሲጠፋቸው እኔን ነበር የሚጠይቁኝ። ተዉት፣ የእኔ ወሬ አያልቅም።

ክንፉ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ቀበቶ የሚሸጥ ሽማግሌ ነው። በደርግ ጊዜ መጥቶ እዚያው የቀረ። ፖሊስ ዘንድ፣ ሐኪም ዘንድ፣ አከራይ ዘንድ አስተርጓሚው እሱ ነው። «ሱዳኖቹ ሲጣሉ እንኳ ስድብ የሚበደሩት ከእኔ ነው» ይል ነበር። አንዴ በቀለ የሚባል የቀን ሠራተኛ ሆዱን ነፋውና ሐኪም ቤት ወሰደው። ክንፉ ደረቱን ገልብጦ ለዶክተሩ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ሆዱ ውስጥ ሀቡብ ተነስቷል!» ሀቡብ እኮ ያ ሰማዩን የሚያቀላው የአቧራ ማዕበል ነው። ዶክተሩ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ! መድኃኒቱን ግን ጻፈ። ክንፉም ሲወጡ «አየህ፣ ገባው» አለው ለበቀለ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሚስቱ በለጡ ልቧን ያማታል። እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ሐኪሙ «ሙቀት እንዳያገኛት» ብሏል። የካርቱምን በጋ አያውቅም እንዴ ሰውዬው? ቤታቸው ውስጥ ያለችው አንዲት ሙከየፍ ናት፤ ውሃ በገለባ ላይ እያንጠባጠበች ቀዝቃዛ ነፋስ የምትነፋ ሳጥን። ያቺ ሳጥን ናት በለጡን ያቆየቻት። መብራት ደግሞ እዚያ አገር እንደ ስልክ ካርድ ቀድሞ ይገዛል፤ ሂሳቡ ሲያልቅ ቆጣሪው ቀጥ ይላል። ጦርነቱ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ዋጋውን ሰማይ ሰቀሉት። ክንፉም ሙከየፏን የሚያስነሳት በለጡ ሲብስባት ብቻ ሆነ።

በዚህ መሀል የበለጡ የእህት ልጅ ሜላት ከዳባት መጣች።

«እቴቴን እወስዳታለሁ፣ ጋሼ። እኛ ጋ ብርድ ነው፤ እንደ ልቧ ትተነፍሳለች።»

ክንፉ አብሯት እንዳይሄድ ወረቀቱ አልተስተካከለም፤ ከወጣ መመለሻ የለውም። በለጡ ባሏን አየችው። «ክንፉ ያለውን» አለች። ያ ለፍላፊ ተነስቶ ሙከየፏ ላይ ውሃ መሙላት ጀመረ።

በማግስቱ አንድ ባለሥልጣን ኳስ ሜዳው ላይ ሊናገር መጣ። ሕዝቡ በመብራት ዋጋ ተማርሮ ነበራ። ክንፉ ሄደ። ድምፅ ማጉያው ይንኮሻኮሻል፣ ሰው ይጮኻል። ሰውዬው «ተኽፊድ!» አለ፤ ዋጋ ቅነሳ ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶም ያንኑ የመሰለ ቃል ደግሞ «ከእሑድ ጀምሮ!» አለ። ክንፉ ሌላ መስማት አላስፈለገውም። አቧራውን እያቦነነ ወደ ቤቱ በረረ።

«በሌ! ከእሑድ ጀምሮ መብራት ይረክሳል! ሙከየፏ ቀንም ሌትም ትሠራለች!»

«ጋሼ፣ በደንብ ሰምተሃል?» አለች ሜላት።

«እኔን? እኔን ነው ዐረብኛ የምትጠይቂኝ? አንቺ ገና ሳትወለጂ እኔ ዳኛ ፊት ቆሜያለሁ!»

በለጡ ሳቀች። ደስ አላት፤ ባሏን ጥላ መሄዱ ነበር የከበዳት። ሜላት ብቻዋን ተመለሰች።

እሑድ ደረሰ። እኩለ ቀን ላይ መብራቱ ድርግም አለ። «አይዞሽ፣ አዲሱን ዋጋ እየሞሉበት ነው» አላት። ሰኞም ጠፋ። ማክሰኞም። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስታግል መብራቱ ይሄዳል፣ ሲመሽ ይመጣል። ክንፉ መብራት የሚሸጥላቸው ኦመር ሱቅ ሄዶ ጮኸበት።

«ረክሷል አልተባለም እንዴ?»

«ያ ዐም ክንፉ» አለው ኦመር፣ ልጅነት ስላለበት አጎቴ ነው የሚለው፣ «ሰውዬው እኮ ሁለት ነገር ነው ያለው። ተኽፊዱን፣ ዋጋ መቀነሱን፣ 'ኮሚቴ ያጠናዋል፣ ኢንሻላህ' አለ። ከእሑድ ጀምሮ ያለው ተኽፊፉን ነው።»

«ተኽፊፍ?»

«ሸክም ማቅለል።»

«እና ሸክም ቢቀልልን ምን ክፋት አለው?»

«የሚቀለው ለሽቦው ነው። ቀን ቀን ያጠፉታል ማለት ነው፣ ወላሂ።»

ክንፉ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። አንዲት ፊደል! እኛ ሐበሾች ያቺን ወፍራም «ድ» ድሮም አንሰማትም፣ በዚያ ጩኸት መሀል ደግሞ ከ«ፍ» አንለያትም፤ እሱ ግን እሰማታለሁ ባይ ነበር።

እዚያው ሆኖ ለሜላት ደወለ። «ነይ ውሰጃት» አላት። ልጅቱም ደነገጠች፤ መተማ ላይ መንገድ ተዘግቷል፣ መኪና ልፈልግ አለች።

ቤት ገብቶ ካርቶን ቀደደና በለጡን ማራገብ ጀመረ። ላቧ በአንገቷ ይወርዳል።

«ክንፉ፣ ሰውዬው ዋሸን እንዴ?»

እንዴት ብሎ ይንገራት?

«አዎ፣ ዋሸን» አላት።

ውሸት ነው እንዳልል፣ ያ ኮሚቴ እስከ ዛሬም አጥንቶ አልጨረሰም።

«ተወው፣ አትናደድ» አለችው። «አንተ ምን ታደርግ? የሰማኸውን ነው የነገርከኝ። ደግሞ እንኳን አልሄድኩ፤ ሽሮህን እንኳ ማማሰል አታውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ቀበቶ መሸጡንም ተወ። መብራቱ ሲጠፋ ያራግባል፣ ሲመጣ እጁን አሳርፎ ሙከየፏን ያያል። አንድ ቀትር ላይ ጎረቤታቸው ዘሃራ በረዶ ይዛ ገባች። በለጡን አየች። ክንፉ እያራገበ ነው። በረዶውን አስቀመጠችና ካርቶኑን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደች።

«ኸላስ፣ ያ ዐም ክንፉ። በቃ፣ ኸላስ።»

እሱ ግን ካርቶኑን መልሺ ብሎ እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። አቅፋው ማልቀስ ጀመረች።

የዘሃራን ጩኸት ሰምተው ሴቶቹ መሰብሰብ ሲጀምሩ የክንፉ ስልክ ጮኸ። ሜላት ናት።

«ጋሼ! መንገዱ ተከፈተ፣ መኪናም አገኘሁ፤ መጣሁ! እቴቴን ወፍራም ነገር ትልበስ በላት፤ እዚህ ዝናቡ ገብቶ ብርዱ አይቻልም።»

ሰባት ቋንቋ አውቃለሁ ይል የነበረው ሰው፣ ከሁለቱ በቀር ሌላውን ሰምቼበት አላውቅም እንጂ፣ ከለቅሶው ወጣ ብሎ በሦስት ቃል መለሰላት።

«እሺ፣ ልጄ» አላት። «እነግራታለሁ።»