የካኪ ፖስታዋ ልጅ

ልጄ አባቷን መስላ ጠቁራለች፤ እኔ ቀይ ነኝ። ይቺ ቀላል ነገር እንጅባራ ላይ ባጃጅ በተሳፈርን ቁጥር ጉዳይ ትሆናለች። የማን ልጅ ናት ይሉኛል፣ እሷ ጭኔ ላይ ተቀምጣ እየሰማች። ሞግዚቷ የመሰልኳቸውም ሞልተዋል። እኔ መልስ አላጣም። እሷ ግን የማን ልጅ ነሽ ሲሏት ዝም ማለት ጀመረች።

የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ሲመቸኝ አሮጌ ካላንደርና የተበላሸ ወረቀት ቆራርጬ እያጣበቅሁ ሥዕል እሠራለሁ። አለቆቼ ለሴቶች ቀን ሠራተኛዋን ሴት ሥሪልን ሲሉኝ፣ ልጅ አዝላ ኮምፒውተር ላይ የምትጽፍ ሴት ሠራሁ። የእናትየዋ ፊት አልቸገረኝም፤ ካላንደር ላይ ያሉት ሁሉ ቀዮች ናቸው። ለልጅቷ ግን ጠይም ፊት ከየት ይምጣ? ከካኪ ፖስታ ቆረጥሁላት። ለፀጉሯ የኮፒ ማሽኑን ክዳን እንደከፈትሁ ባዶውን ኮፒ ሳደርግ ጥቁር ወረቀት ተፋልኝ። ልጄ ግድግዳው ላይ ራሷን ከነእናቷ እንድታይ ነበር ፍላጎቴ።

እኛ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ሳይወስን ምስማር እንኳ አይመታም። ሥዕሉን አይተው ሊያጸድቁ ሦስት ወንዶች እኔው ቢሮ ተሰበሰቡ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው ሁልጊዜም እኔ ስለሆንሁ፣ በሥዕሌ ላይ የቀረበውን ክስ በገዛ እጄ እጽፍ ጀመር። መዋዕለ ሕፃናት ግማሽ ቀን ነውና ልጄ እንደወትሮዋ ጠረጴዛዬ ሥር ተደብቃ ብስኩት ትበላለች።

አንዱ ሴትዮዋ የየት ወረዳ ሰው ናት ብሎ ጠየቀ። የዳንግላ ትመስላለች ሲባል ከሦስቱ የጥሊሊ ተወላጅ የሆነው ቅር አለው። እሱም በተራው ልጅቷ እናቷን አልመሰለችምና ቀላ ትበል አለ። ሰብሳቢው ሊያስታርቃቸው ብሎ፣ በሥራ ሰዓት ልጅ ይዞ መገኘት ክልክል ስለሆነ ልጅቷ ከጀርባዋ ትውረድ፣ አንቀልባው ግን ስለሚያምር ይቆይ ሲል ወሰነ። ይህንንም ጻፍሁት።

ይሄኔ ልጄ አፏን ብስኩት እንደሞላች ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። ሰብሳቢው ከድንጋጤው ሲመለስ ጎንበስ አለላት።

«የማን ልጅ ነሽ ሚጣዬ?»

ሥዕሉን አየች። ቀጥላ እኔን አየች።

«የሷ ነኝ» አለች፣ በጣቷ እኔን እያሳየች። «ከጀርባዋም አልወርድም።»

ማንም ጻፊ ሳይለኝ፣ ይህንኑ ቃል በቃል የስብሰባው የመጨረሻ ውሳኔ አድርጌ አሰፈርሁት። ሦስቱም እንደልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙበት።