የአራተኛው ምልክት ቦታ

እግዚአብሔር ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑራትና፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ በጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ በአቶ ወልደሰማያት የቡና መጋዘን ጆንያ ላይ ምልክት ትቀባ ነበር። ዘመኑ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሊያበቃ ጥቂት የቀረው ነው። ተሸካሚዎቹ ከየአገሩ የተሰበሰቡ፣ ቋንቋቸውም ልዩ ልዩ ስለ ነበር፣ ያለ ፊደል የሚግባቡበትን የምልክት ቋንቋ የሠራችላቸው እርሷ ናት። ከላይ ቡናው የበቀለበት አገር፣ ከመካከል ደረጃው፣ ከታች ባለቤቱ ይቀመጣል፤ ከዚህ ሥርዓት የወጣ ቀለም እንደ ምልክት አይቆጠርም። ጆንያ ሲራገፍ እርሷ ከላይ ወደ ታች ትጠራለች፤ ተሸካሚዎቹም የሚቆለልበትን ስፍራ በአንድ ድምፅ መልሰው ያስገባሉ።

አንድ ማለዳ ከሰርቦ የታጠበ ቡና በመኪና መጣ። መጋዘኑ እስከዚያ ቀን የሚያውቀው በፀሐይ የደረቀውን ብቻ ነበር። እርሷ ሦስቱን ምልክት ቀብታ እንደ ጨረሰች፣ አቶ ወልደሰማያት በደስታ ብሩሹን ከእጇ ነጥቀው፣ መታጠቡን ለማሳየት በየጆንያው ባዶ ባገኙት ጥግ ሁሉ ሰማያዊ ጠብታ ቀቡ።

"በይ ጥሪ! መኪናው ይህን አራግፎ፣ የደረቀውን ጭኖ ዛሬውኑ አዲስ አበባ መውጣት አለበት።"

ሦስቱን ጠራችና ጠብታው ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ተሸካሚዎቹ እንደ ተሸከሙ ቆሙ።

"ምነው፣ አፍሽ ተለጎመ?"

"ቦታ የሌለውን እንዴት ልጥራ? ዛሬ አንዱ በፈቀደው ጥግ ከተቀመጠ፣ ነገ ሁሉም ይቀመጣል።"

የተሸካሚዎቹ አለቃ ቲጃኒ ከጆንያው ሥር አቃሰተ። "ማሎ ጌታው! ወላሂ አንገቴ ሆዴ ውስጥ ገባ። እርሷ ካልጠራች የት እንጣለው? እርስዎ ራስ ላይ?"

ሳቁ ጌታውን አስቆጣቸው። "ሴትዮ፣ ምን ይደረግ ነው የምትይው?"

"ሥርዓቱ ራሱ ይታደስ። ለአዘገጃጀቱ አራተኛ ቦታ ይከፈት። መጋዘን ያለው የደረቀ ቡናም ሁሉ በዚያው ቦታ የፀሐይ ምልክት ይቀባ።"

"የድሮው ምን በደለ? አንድ ቀን ተምታቶ አያውቅም!"

"የደረቀው ብቻውን ሳለ ስለ አዘገጃጀቱ ዝም ቢል ያምርበት ነበር፣ ጌታዬ። ሁለት ከሆኑ ወዲያ ዝምታው ያሳስታል።"

"መኪናው ባዶውን ሊሄድ ነው! ካልጠራሽ ከደጄ ውጪ!"

"እወጣለሁ። የተዛባውን ግን አልጠራም።"

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ያን ጊዜ ቲጃኒ ጆንያውን ደጃፉ ላይ ጣለና ተቀመጠበት፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መግቢያም መውጫም ጠፋ።

አቶ ወልደሰማያት ሰዓታቸውን አዩ፤ ሾፌሩን አዩ፤ በመጨረሻ ብሩሹን እግሯ ሥር ወረወሩት።

"አንሺው!"

"እጅ ለእጅ ይስጡኝ።"

ጎንበስ ብለው አነሡና ሰጧት። መኪናው የታጠበውን አራግፎ፣ የደረቀው ምልክት እስኪቀባ ሳይጠብቅ ባዶውን ሄደ። እርሷም አማትባ፣ የፀሐዩን ምልክት ከአሮጌው ክምር መቀባት ጀመረች።