የዓርብ ዒላማ

በደርግ ዘመን፣ ጉለሌ ውስጥ በአንድ የክርና የጨርቅ ፋብሪካ የላቦራቶሪ ኃላፊ ነበርሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ጥቂት ዓመቴ ነው። ሥራዬ የክር ጥንካሬ መለካት ስለ ነበር አንድ እምነት አሳድሮብኛል፤ እዚህ ጠንክሮ እዚያ የሚላላ ክር፣ ከዳር እስከ ዳር መካከለኛ ከሆነው ይብሳል። የስፖርት ኮሚቴው የዒላማ ተኩስ ቡድን እንዳሠለጥን ሲጠይቀኝ ይዤ የሄድሁት ይህንኑ ነበር።

የምንለማመደው በአሮጌ የጥጥ መጋዘን ውስጥ፣ የጠዋቱ ፈረቃ በስምንት ሰዓት ሲወጣ ነው። ወረቀቱን በጥጥ ቦንዳ ላይ እንሰካለን፤ የአየር ጠመንጃው የእርሳስ ጥይት እዚያው ሰምጦ ይቀራል። ሠራተኛው ጥቁሩን ነጥብ አንድ ጊዜ መትቶ መጨፈር ይወድ ነበር። ከለከልሁ። የመጀመሪያው ግብ አምስቱ ቀዳዳዎች በሻይ ብርጭቆ አፍ እንዲሸፈኑ ነው፤ የትም ይረፉ፣ ብቻ አብረው ይረፉ። ያንን ሳምንት ሙሉ የጠበቀ ከብርጭቆው ወደሚያንሰው የጠርሙስ ቆርኪ ይሻገራል። መሐሉን የምንፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።

"ጓድ፣ ተኩስ ነው ወይስ ጥልፍ?" ይለኝ ነበር የኮሚቴው ሊቀመንበር።

ወደ ቆርኪ ቀድመው የተሻገሩት በማጠንጠኛ ክፍል የሚሠሩ፣ ከቁስቋም በእግራቸው የሚመላለሱ የልጆች እናት ነበሩ። ከቡድኑ ሴት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ሰኞ ቆርኪዬን ሳስቀምጥ አንድም ቀዳዳ አይታይም፤ ረቡዕና ዓርብ ግን ወረቀታቸው ጭልፊት እንዳየ የጫጩት መንጋ ይበታተናል። ሊቀመንበሩም ይህን አይቶ ቁርጡን ነገረን። ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው ውድድር አንድ ቦታ ቀርቷል፤ እሳቸውና የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ ዓርብ ይለያሉ። የዚያን ሳምንት ሌሎቹን ቀናት የኮሚቴው ስብሰባ ይዟቸዋል።

እትዬ ያችን ቦታ አጥብቀው ይፈልጓት ነበር። እኔም አቋማቸውን ለወጥሁ፣ ትከሻቸውን አስተካከልሁ፣ ክርናቸውን አወረድሁ። አንድ ቀን ታከታቸው።

"መምህር፣ ክርኔን ተወው። ርቦኝ ነው።"

"ምሳ አልበሉም እንዴ?"

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ረቡዕ።"

"እንግዲያውስ!"

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ውኃም አይቀምሱም። ከንጋት ጀምሮ ማጠንጠኛው ፊት ቆመው ውለው፣ በባዶ ሆድ ነበር ጠመንጃ የሚያነሡት። በጾም ምክንያት ቀኑ ይለወጥልን ብሎ ኮሚቴ ፊት መቆም በዚያን ጊዜ የሚታሰብ አልነበረም።

"ያችን አንዲት ዓርብ ቀደም ብለው ቢቀምሱስ?" አልኋቸው።

"ለቆርኪ ብዬ?" አሉና ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ትቼ የአፈሙዙን ጫፍ ማየት ጀመርሁ። በጾም ቀን ጠመንጃው እንደ ተነሣ ለአፍታ ይረጋል፤ ከዚያ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እሳቸው ደግሞ እንደ ሰኞው ረጅም ጊዜ ይዘው መተኮስ ለምደዋል። ስለዚህ ለረቡዕና ለዓርብ ሌላ ግብ አወጣሁ። በመጀመሪያው እርጋታ ካልተኮሱ ጠመንጃውን ያወርዳሉ፤ ተንፍሰው እንደ ገና ያነሣሉ። ቀዳዳውን አላይም፣ በጊዜው ማውረዳቸውን ብቻ ነው የማየው።

"ሰው ፈራች ይለኛል" አሉ ቅር ብሏቸው።

"ይበላ።"

መጀመሪያ እጃቸው እምቢ አላቸው፤ ነጥቡ ሲንቀጠቀጥ እያዩ ቃታውን ይስቡታል። ቀስ በቀስ ግን ማውረዱን ለመዱት።

ዓርቡ ደረሰ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ቀድሞ ተኮሰ፤ አንዷን መሐል ላይ ሲያገኝ መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። የቀሩት አራቱ ግን ተበታተኑ። እትዬ አነጣጠሩ፤ አወረዱ። እንደ ገና አነሡ፤ አወረዱ። ከኋላ ሳቅ ተነሣ።

"እትዬ፣ ዒላማው አይናከስም!"

"ከከበደሽ እኔ ልያዝልሽ!"

"አንተ ምላስህን ያዝልኝ" አሉ ዞር ሳይሉ፤ አንሥተውም ወዲያው ተኮሱ።

አምስቱን ሲጨርሱ ቆርኪውን ያስቀመጠው ሊቀመንበሩ ራሱ ነው። አንዲት ቀዳዳ በጠርዙ በኩል ብቅ ብላ ነበር፤ እኔም አየኋት፣ እሱም አየ። የባላንጣቸውን ቀዳዳዎች ግን ብርጭቆውም አልሸፈናቸውም።

"ቦታው የእርስዎ ነው" አለ። "ኑ እንግዲህ፣ ሻይና ዳቦ በእኔ!"

"እግዜር ይስጥልኝ። ትንሽ ይቆየኝ።"

ሊቀመንበሩ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። "እውነቱን ለመናገር እኔንም ገና አልራበኝም" ብሎ ቦንዳው ላይ ቁጭ አለ። እኛም አጠገቡ ተቀመጥን። እትዬ በውድድሩ ቀን ልጆቻቸውን ለየትኛዋ ጎረቤት እንደሚተዉ እየነገሩን ቆየን። ሰዓቱን አይቶ ዘጠኝ መሙላቱን የነገረን ሊቀመንበሩ ራሱ ነው።